ወጣቱ ከመጥረቢያው በፊት ይጠየቅ



በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሀብ ስትጠቃ መንግሥት ነገሩን ሸሸገ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ግን እስከ ሥፍራው ዘልቀው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በግቢያቸው ለእይታ አቀረቡ፤ ተማሪውም ለወገኑ እርዳታ እንዲደርስ ጮኸ። ሰሚ አላገኘም። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን የተቋቋመው በ1966 ዓ.ም.፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ካለቀ በኋላ ነው።

በ1977ቱ ድርቅ ወጣቱ ተጠራ፤ የተጠራው ግን ለጉልበቱ ነበር። የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ወደ ሰፈራ ጣቢያዎች ዘምተው እንጨት ቆረጡ፣ ሣር አጨዱ፣ ለሰፋሪው ጎጆ ቀለሱ። ጎጆው የሚቀለስበት ሥፍራ ግን አስቀድሞ ከበላይ ተወስኖ ነበር። ከደጋ የመጣው ሰፋሪ ቆላ ወርዶ በወባ ተጠቃ፤ ስለ አፈሩ፣ ስለ ውሃውና ስለ ትንኙ ትምህርት የቀሰመውን ወጣት በጊዜው የጠየቀው አልነበረም። (ሰፋሪው ራሱም አልተጠየቀም፤ ይህ ግን ሌላ ንግግር ይሻል።)

ድርቅ በደረሰበት ቀበሌ የተረጂዎችን ስም እንዲመዘግብ የሚላክ ወጣት በየቤቱ ሲዞር ማን እንደተዘለለ፣ የማን ልጅ እንደከሳ ያያል። መዝገቡ ሲጸድቅ ግን ከደጅ ይቀራል። በእርዳታ ኮሚቴው ውስጥ ወንበርና ድምፅ ይሰጠው፤ ድምፁም መዝገቡ ማኅተም ሳያርፍበት፣ የሰፈራው ቦታም ሳይመረጥ ይሰማ።