«ጎማ» እና «ጎሙ»



እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ዛሬ የምንናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ቃል ነው። ጃፓኖች ጎማን «ጎሙ» ይሉታል። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1641 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ከ200 ዓመት በላይ፥ ሆላንዶች በናጋሳኪ ወደብ በነበረችው በደጂማ ደሴት ይነግዱ ነበርና ብዙ ቃላቸው በጃፓን ቀርቷል፤ «ጎሙ»ም ከሆላንድኛ የመጣ ነው። እኛ ደግሞ «ጎማ»ን ከኢጣልያኖች ተቀበልን። እንግዲህ ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች ናቸው።

ነገር ግን ዘመዳሞች ሁሉ ጠባያቸው አንድ አይደለም። የጃፓኑ «ጎሙ» የቁሱ ስም ነው፤ የመኪናውን ጎማ ግን ከእንግሊዝኛ ወስደው «ታይያ» ይሉታል። ማስቲካ «ጋሙ» ይባላል። «ኬሺ» ማጥፋት ነውና «ኬሺጎሙ» ላጲስ ነው፤ «ዋ» ቀለበት ነውና «ዋጎሙ» ዕቃ የምናስርበት ላስቲክ ነው። ከእኛ አንዱ በጃፓን ገበያ «ጎማ» ብሎ ቢጠይቅ ግን የሚሰጡት ሰሊጥ ነው፤ በቋንቋቸው «ጎማ» ማለት ሰሊጥ ነውና!

በዚህ አንሣቅ። ኢጣልያኖች «ላፒስ» የሚሉት እርሳስን ነው፤ እኛ ግን በዚያው ቃል የእርሳሱን ማጥፊያ ጠራንበት። ቃል አገር ሲለውጥ ሥራውንም ይለውጣል።

ስለዚህ፥ ጓደኞቻችን ሆይ፥ ነገ ከዚህ ወጥተን የሌላውን ሕዝብ ቋንቋ ስንማር፥ የምናውቀውን የሚመስል ቃል ብንሰማ «ይህንስ እናውቀዋለን» ብለን አንለፈው፤ ባለቤቱ እንዴት እንደሚናገርበት አስቀድመን እንጠይቅ።