መሪነት በተራ፦ በወገል ጤና ለተመራቂዎች የተነገረ ቃል



በስተሰሜን በጅጣ፥ በስተደቡብ በበሽሎ ሸለቆ በተከበበው በዚህ በደላንታ ሜዳ ላይ፥ የግብርናንና የኅብረት ሥራን ትምህርት ፈጽማችሁ ወደ ገበሬው ለመሄድ በተዘጋጃችሁበት ሰዓት ቃል እንድናገር ጠርታችሁኛል። የዘሩንና የማዳበሪያውን ነገር መምህራኖቻችሁ ከእኔ በተሻለ አስተምረዋችኋልና እርሱን አልደግመውም። እኔ ልናገር የወደድሁት ገበሬ ከገበሬ ጋር ስለሚያቆመው ማኅበርና በዚያ ማኅበር ራስ ላይ ስለሚቀመጠው ሰው ነው፤ ከነገ ወዲያ በምትመደቡበት ቀበሌ ሁሉ፥ ከአፈሩም ከበሬውም በፊት የምትገናኙት ከማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋር ነውና።

ገና አዋጅ ሳይታወጅ፥ ማኅተምም ሳይቀረጽ፥ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ፥ ዛሬ የአንዱን ነገ የሌላውን ማሳ እያረሰ ኖሯል፤ የሰው እጅ ያነሰውም በወንፈል ቀንን በቀን እየመለሰ ኖሯል፤ ሥራው ከወንፈል አቅም ያለፈበት፥ ገብሱ ደርሶ በረዶና ውርጭ የሚያሰጋውም ጠላ ጠምቆ፥ ንፍሮ ቀቅሎ፥ ጅጌ እየጠራ ኖሯል። ወንፈል ብድር ነውና ቀኑ ይቈጠራል፥ ያልመለሰም ይወቀሳል። ጅጌ ግን ሒሳብ የለውም፤ የተጠራ ሁሉ ይመጣል፥ የመጣም ሁሉ በልቶ ጠጥቶ መርቆ ይሄዳል።

በልጅነቴ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባሏ የሞተባት የአንዲት ሴት ገብስ በደረሰ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ፀሐይ ሳትወጣ ከማሳው ዳር ደርሶ ነበር፤ አውራጁ ዘፈኑን እያወረደ ከሁሉ ፊት ሆኖ ያጭዳል፥ ተቀባዮቹም ድምፁን ተከትለው በአንድ ረድፍ ይገሠግሣሉ፤ ሽማግሌ ወይም ገና ያልጠነከረ ልጅ ወደ ኋላ የቀረ እንደ ሆነ፥ አውራጁ ዜማውን ያዘገየዋል እንጂ በስም ጠርቶ አያሳፍረውም፥ በአጠገቡ ያለውም ጎበዝ ከዚያ ከደካማው ድርሻ ጥቂት ጭብጥ አጭዶለት ረድፉ ይስተካከላል። በዚያ ማሳ ላይ መሪው የሚለየው ማጭዱ ከሁሉ ቀድማ በጤዛ በመራሷ ነበር። ለመብል በተቀመጡ ጊዜ ደግሞ ከፍ ያለ መቀመጫ የተሰጠው ለእርሱ ሳይሆን ለሽማግሌዎቹ ነበር፤ እርሱም ይህን እንደ ጉድለት አልቈጠረውም።

ወደ መንፈሳዊው ማኅበር ብንመለከትም ያንኑ ሥርዓት እናገኛለን። በየወሩ በጻድቁ ወይም በእመቤታችን በዓል ማኅበርተኞች ከአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ካህኑ ጸሎት አድርሶ ዳቦውንና ጠላውን ይባርካል፤ ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ አለቃ ያልመጣውን ይጠይቃል፥ የታመመ እንዳለ ያስጠይቃል፥ የተጣሉ እንዳሉም ሳይታረቁ ጽዋውን እንዳይጠጡ ይከለክላል። ከዚያ በኋላ ጽዋው ለወሩ ተረኛ ይተላለፋል፥ ተረኛውም በአክብሮት ተቀብሎ በዝማሬ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ባለጠጋው በድግስ ብዛት ድኻውን እንዳያሳፍር የሚቀርበውን ልክ ወስነው የተስማሙ ማኅበራት አሉ፤ እኔ በበኩሌ ከብዙ የተጻፈ ሕግ ይልቅ የማደንቀው ይህን ውሳኔ ነው፥ ድኻው በማኅበሩ ውስጥ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚኖርበት በር በእርሱ ተከፍቷልና።

ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ በወሎ ቅሬ እንለዋለን። በብዙ የወሎ መንደር ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቅሬ ተጽፈው፥ አንዱ የሌላውን ሬሳ ተሸክሞ፥ የአንዱን ሐዘንተኛ ሌላው አጽናንቶ ይኖራል። የቅሬው ዳኛ ደመወዝ የለውም። ሥልጣኑ የሚጸናው ሕዝቡ ስለሚያምነው ብቻ ነው፤ አንድ ቀን በአድልዎ ቢፈርድ በማግሥቱ የሚሰማው ሰው ያጣል።

ይህን ሁሉ ማውሳቴ የጥንቱን ለማመስገን ያህል ብቻ አይደለም። መንግሥት የገበሬውን ማኅበር በሕግ ለማቆም በተነሣ ጊዜ፥ አስቀድሞ የነበረውን ይህን ሥርዓት ምን ያህል እንዳየውና ምን ያህል እንዳላየው እንድትመረምሩ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በ1953 ዓ.ም. የእርሻ ሠራተኞች የኅብረት ሥራ ድንጋጌ፥ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቢወጡም፥ በእንዲህ ያለ ደጋ ላይ የሚኖረው ባለ ጥማድ ገበሬ ከዚያ ያገኘው ጥቅም እጅግ ጥቂት ነበረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ይሁን ተብሎ በታወጀ ጊዜ ግን፥ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር በሚያህል ቦታ የሚኖሩ ገበሬዎች አንድ ማኅበር እንዲያቆሙ ታዘዘና፥ በአገራችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የገበሬ ማኅበር የሚባል ነገር ከዳር እስከ ዳር ተመሠረተ። ገበሬው የራሱን ዳኛ መርጦ የራሱን መሬት እንዲደለድል መደረጉ ታላቅ ነገር ነበረ፥ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ሊቀ መንበሩ ግብር ሰብሳቢ፥ የእህል ኮታ አስገቢ፥ ወጣቱንም ለጦርነት መልማይ ሆነ፤ ፊቱን ከመረጠው ሕዝብ መልሶ ወደ ላይ ወደሚያዘው አዞረ። መልባና ወልባ እየተባለ በደረጃ የተዘረጋው የአምራቾች ኅብረት ሥራም በብዙ ስፍራ ገበሬው በፈቃዱ ሳይሆን በፍርሃት የገባበት ስለ ነበረ፥ በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ እንደ ተሰማ ገበሬው በሬውንና መሬቱን ተካፍሎ በጥቂት ወራት ውስጥ ተበተነ። ዛሬም በመንደሩ ስትዞሩ «ኅብረት ሥራ» የሚል ቃል ሲሰማ ፊቱን የሚያጠቁር ሽማግሌ ብታገኙ፥ ኋላ ቀር ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ያየውን የሚያስታውስ ሰው ነው።

ይህ የገበሬ ማኅበር ፈተና የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ ከባሕር ማዶ አንድ ታሪክ ላምጣ። በ1860 ዓ.ም. በጋ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ከደብረ ታቦር አንሥተው፥ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ የጅጣን ገደል አስወርደው፥ ይህን የእኛን ደላንታ አቋርጠው ወደ መቅደላ መንገድ ሲጠርጉ፥ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ኦሊቨር ከሊ የሚባል፥ የግብርና መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረ ሰው ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ «ግሬንጅ» የተባለ የገበሬዎች የወንድማማችነት ማኅበር መሠረተ። ከሊ ከርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የተጎዳውን የደቡብ ገጠር ተዘዋውሮ አይቶ ነበርና፥ ተለያይቶ የሚኖረውን ገበሬ ሥርዓትና መዓርግ ባለው ጉባኤ አሰባስቦ ዕውቀት እንዲለዋወጥ፥ የሚያስፈልገውንም ዕቃ በአንድነት እንዲገዛ አሰበ፤ ካሮላይን ሆል የምትባል ዘመዱም ሴቶች ከወንዶች እኩል አባላት ይሁኑ ብላ ስላሳሰበች፥ ይህ ከመጀመሪያው በማኅበሩ ሕግ ገባ፥ ለሴቶች ብቻ የተጠበቁ ሹመቶችም ተመደቡ። በ8 ዓመት ውስጥ አባላቱ ከ8 መቶ ሺህ አለፉ፤ የባቡር ኩባንያዎች በገበሬው እህል ላይ የሚጥሉት የጭነት ዋጋ በሕግ እንዲወሰን በየክፍለ ግዛቱ ተሟግተው ፍሬ አገኙ። ከዚያ በኋላ ግን አንዳንዶቹ መሪዎች የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ እስከ መክፈት ደርሰው፥ ንግዱን በማያውቁት ልክ ስላሰፉት ኪሳራ ደረሰባቸው፥ ብዙ አባላትም ተበተኑ። ማኅበሩ እስከ ዛሬ አለ፤ እኔ እንደሚመስለኝ ከዚያ ውድቀት ያተረፈው የንግድ ሱቁ ሳይሆን፥ ገበሬው ከነሚስቱና ከነልጆቹ በየጊዜው የሚሰበሰብበት ጉባኤው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን የኅብረት ሥራ ሕግ ልመለስ። በ1991 ዓ.ም. የወጣውና በ2009 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147፥ አባቶቻችን በማኅበርና በቅሬ ያውቁት ከነበረው ጋር በብዙ ነገር የሚስማማ ነበረ። በዚያ አዋጅ መሠረታዊ ማኅበር ለማቆም 10 ሰው ይበቃ ነበር፤ ብዙ ዕጣ የገዛውም ጥቂት የገዛውም ድምፁ አንድ ነበረ፤ የሥራ አመራር ኮሚቴው የሚመረጠው ለ3 ዓመት ሆኖ፥ ከሁለት ተከታታይ ዘመን በላይ እንዳይቀመጥ ተከልክሎ ነበር። በኅብረት ሥራ የታወቁት የእንግሊዝ አገር ሠራተኞች፥ እነዚያ 28 የሮችዴል ሰዎች፥ እ.ኤ.አ. በ1844 የኅብረት ሱቃቸውን ከፍተው የያዙት መንገድም ይኸው ለእያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ የመስጠት መንገድ ነበረ። ጽዋው ከቤት ወደ ቤት እንደሚዞር ሹመቱም ከሰው ወደ ሰው እንዲዞር አዋጁ አዝዞ ነበር። የሚያሳዝነው ግን፥ በብዙ ስፍራ አንድ ሰው ከሊቀ መንበርነት ወደ ገንዘብ ያዥነት፥ ከገንዘብ ያዥነት ተመልሶ ወደ ሊቀ መንበርነት እየተዘዋወረ ዘመኑን ሲፈጽም፥ አባሉም «ሌላ የሚያውቅ የለም» እያለ ሲያጸድቅለት ይታያል። ሌላ የሚያውቅ የጠፋው ሌላ ሰው መዝገቡን እንዲያይ ስላልተፈቀደለት ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የማኅበር ሕይወቱ መዝገቡ ነውና። ስንዴና ምስር ተሸጦ፥ ማዳበሪያ በዱቤ ተከፋፍሎ፥ ትርፉ ስንት እንደ ሆነ ያልተነገረው ገበሬ፥ ማኅበሩ የእርሱ መሆኑን በምን ያውቃል? ማንበብ ላልቻለው ይነበብለት። በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀምጦ ሳለ፥ ከእናንተ አንዱ ቆሞ «ከእገሌ ኩንታል ይህን ያህል ገባ፥ ለመጋዘኑ ቆርቆሮ ይህን ያህል ወጣ፥ በእጅ ያለው ይህን ያህል ነው» ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብ፥ በዚያች ሰዓት ከመላ ዓመቱ ስብሰባ የበለጠ ሥራ ይሠራል። የሚጠይቅ ይነሣል፤ አንዳንዱም ጥያቄ መራራ ይሆናል። ያ መራራ ጥያቄ በተነሣበት ቦታ ሊቀ መንበሩ ሳይቈጣ ከመለሰ፥ ለማኅበሩ መጋዘን ከመሥራት ያላነሰ ነገር ሠርቶለታል።

ስለ ኦፓሉም አንድ ቃል መናገር ይገባኛል። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በዚሁ በገደላችን ወገብ የተገኘው ይህ የከበረ ድንጋይ፥ ውኃ ሲነካው ብርሃኑን የሚሰውር፥ ሲደርቅም መልሶ የሚገልጥ፥ የወገል ጤናን ስም በዓለም ገበያ ያስጠራ ሀብት ነው። ወጣቶቻችን በማኅበር ተደራጅተው በእጃቸው እየቈፈሩ ያወጡታል፤ ዋሻው ሲናድ የሚቀጠፈው ሕይወትም የእነርሱ ነው። ስለዚህ የቈፋሪዎችን ማኅበር የሚመራ ሰው ሽያጩን በፍትሕ ከማካፈል አስቀድሞ፥ የዋሻው ጣሪያ ሳይደገፍ ማንም እንዳይገባ ለመከልከል የሚችል ድፍረት ይኑረው፤ ከልካዩ ሰው በዚያ ቀን የተጠላ ቢሆንም።

ሌላም አለ። በክልላችን የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ተጽፏል፥ ፎቶግራፋቸውም ጎን ለጎን ተለጥፏል። የማኅበሩን የአባላት መዝገብ ስትገልጡ ግን ብዙውን ጊዜ የምታገኙት የባልን ስም ብቻ ነው። ምስሩን ያረመችው፥ ስንዴውን ያበጠረችው፥ ዘሩን በጎታ የጠበቀችው እርሷ ሆና ሳለ፥ ስለ ዘሩ በሚመከርበት ጉባኤ ድምፅ ከሌላት ማኅበሩ ግማሽ ዕውቀቱን ከደጅ አስቀርቶታል። በማኅበር ቤት የእመቤታችንን ጽዋ የሚያነሡ እናቶቻችን ሥርዓትን፥ ቅጣትን፥ ተራንና ዕርቅን ለዘመናት ሲያካሂዱ ኖረዋልና፥ ማስተዳደር አይችሉም የሚል ሰው ቢኖር ምናልባት ወደ ገዛ እናቱ ማኅበር ገብቶ አያውቅ ይሆናል።

በዚህ ለተቀመጣችሁ የማኅበራት ሊቃነ መናብርት አንድ ልመና አለኝ። እነዚህ ልጆች በመጡላችሁ ጊዜ ወንበርና ሻይ ብቻ አትስጧቸው፤ የመጋዘኑን ቁልፍ፥ የዱቤውን መዝገብ፥ ያለፈውንም ዓመት ያልተዘጋ ሒሳብ አስረክቧቸው። እናንተም ተመራቂዎች፥ በመጀመሪያው ወር የሚያርም ስታገኙ አብራችሁ አርሙ፥ ጅጌ ቢጠራ ማጭድ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ በሬ ያላቸውን ገበሬዎች በስም እወቁና እነማን መቀናጆ እንደ ገቡ፥ እነማንም ተቀናጅ እንዳጡ ጠይቁ። የሚቀጥለው የኮሚቴ ምርጫ በሚደረግበት ቀበሌ የምትገኙም ሁለት ዘመን የፈጸመውን ሰው አመስግናችሁ እንዲወርድ፥ በስፍራውም እናቶች እንዲታጩ ከአሁኑ ጀምራችሁ አባላቱን አነጋግሩ።

የምስክር ወረቀታችሁን ከመምህራኖቻችሁ ጋር ቆሜ እንድሰጥ ታዝዣለሁና፥ ስማችሁ እንደ ተጠራ ቅረቡ። እንኳን ደስ ያላችሁ።