የቦራማዋ አናሌና

ከሶማሊላንዷ ሐርጌሳ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ቦራማ ይደርሳል። ጣሊያናዊቷ ካቶሊክ አናሌና ቶኔሊ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን ያከሙት እዚያ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ወንጌል ሰብኳል፤ በክርስትና የእጅ ሥራም ለእግዚአብሔር የሚቀርብ አምልኮ ነው። አናሌና ይህን ኖረውታል።

መነኩሲት አልነበሩም፤ የተማሩት ሕግ ነው። በ1970ዎቹ በኬንያዋ ዋጂር የታመሙ አርብቶ አደሮች በሕክምናው ቦታ አጠገብ ጎጆ ቀልሰው፣ ለስድስት ወር መድኃኒታቸውን በሰው ፊት እንዲውጡ አደረጉ። ሥራው በየቀኑ ያው ነው፤ ግን መድኃኒቱ ከተቋረጠ በሽታው ያገረሻል። እንዲህ እያዩ የማዋጥ ሕክምና ኋላ በዓለም ጤና ድርጅት ተቀባይነት አግኝቷል፤ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከረጅም ጸሎት አይተናነስም።

በ2003 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት የናንሰን ሽልማትን ሰጣቸው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 5 ቀን በቦራማ ሆስፒታላቸው ግቢ በጥይት ተገደሉ።