የጉልበት ዋጋ

መርካቶ በጠዋት ሱቋን ትከፍታለች። ከሊስትሮነት፣ ከሱቅ በደረቴ ተነስቶ ትልቅ ነጋዴ የሆነ ሰው ሞልቶባታል፤ ዕቃ በስንት ገብቶ በስንት እንደሚወጣ የሚያስተምረው አያስፈልገውም።

አገልግሎት ግን እንደ ዕቃ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም፤ ወጪውን ማስላት ይከብዳል። ሞባይል የሚጠግን ወጣት እንውሰድ። መለዋወጫውን በ300 ብር ገዝቶ 800 ብር ቢያስከፍል «500 አተረፍኩ» ይላል። ኪራዩስ? መብራቱስ? ስልኩ ዳግም ተበላሽቶ ሲመለስ በነፃ የሚሠራውስ? ከሁሉም በላይ፣ ሁለት ሰዓት የፈጀ የገዛ ጉልበቱስ?

ሥልጠና የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በ2005 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ሥራ የጀመረው የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል፣ የዛሬው ኢንስቲትዩት፣ «ኤምፕሬቴክ» በተባለው የ6 ቀን ሥልጠና ይታወቃል። ትኩረቱ ግብ ማስቀመጥ፣ መረጃ ማሰስ፣ አስልቶ መድፈር ላይ ነው። እርግጥ 6 ቀን ነጋዴ አይወልድም፤ የሚሠራው ሥራ ይዞ ያልገባ ሠልጣኝ የምስክር ወረቀት ይዞ ይወጣል፣ በቃ።

እናንተ ሥራውን የጀመራችሁ ግን ከዛሬ ጀምሮ ለራሳችሁ ደመወዝ ቁረጡ። ዕቁባችሁንም ከደመወዛችሁ እንጂ ከድርጅቱ ካዝና አትጣሉ።