ዋዛ ያልሆነው ዋዛ



በአማርኛ ዋዛ ሲባል ቀልድ ማለት ነው። በአሶሳና በአካባቢው በሚኖረው በበርታ ሕዝብ ዘንድ ግን ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ነው። የቃላቱ መመሳሰል አጋጣሚ ቢሆንም ሕፃናትን የሙዚቃን መሠረት በጨዋታ ስለ ማስተማር ለሚነገርበት ለዚህ ጊዜ የተመቸ ነው።

የዋዛ አሠራር ለመሐንዲስ እንግዳ አይሆንም። ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ቅሎች አንዱ ከሌላው ጋር እየተሰካካ ወደ ጫፉ የሚሰፋ ቱቦ ይሆናል። አጭሩ ቀጭን ድምፅ፣ ረጅሙ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። ዋናው ቁም ነገር ግን አንዱ ነፊ በመሠረቱ አንድ ድምፅ ብቻ ማውጣቱ ነው። ዜማው የሚገኘው ዐሥር ያህል ነፊዎች በየተራቸው ሲገቡ ነው፤ አንዱ ከቀረ ዜማው እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ይታያል። የዳውሮ ዲንካም የዚሁ ዘመድ ነው። በሩሲያም በ18ኛው ምዕተ ዓመት ባላባቶች ገባሮቻቸውን እያንዳንዱን በአንድ ድምፅ መድበው የቀንደ መለከት ጓድ አቋቁመው ነበር።

ይህ ሥርዓት ለሕፃናት የተፈጠረ ይመስላል። አንድ ትምህርት ቤት ገንዘብ ሲያገኝ በመጀመሪያ የሚታሰበው ኦርጋን መግዛት ነው። አንዱ ልጅ ሲነካ ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ይጠብቃል። በዋዛ ሥርዓት ግን ሥራ ፈት የለም። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ ለእያንዳንዱ አንድ የአፍ ድምፅ ይሰጠዋል፤ መምህሩ እስከ ስምንት በጭብጨባ ሲቆጥር ልጁ በራሱ ቁጥር ላይ ብቻ ይጮኻል። በቀሩት ሰባት ላይ ዝም ማለቱ ከጩኸቱ የበለጠ ትምህርት ነው። ዝምታም የሙዚቃ ክፍል መሆኑን ትልልቆችም ቢሆኑ ዘግይተው ይረዱታል።

ቀጥሎ መሣሪያው ይመጣል። በክልሉ የቆላ ቀርከሃ ሞልቷል። አንጓው እንደ ተዘጋ ሆኖ በአንድ ወገን ብቻ የተከፈተ ቀርከሃ የድምፁ የሞገድ ርዝመት የራሱን አራት እጥፍ ያህል ነው። ስለሆነም የውስጥ ርዝመታቸው 30፣ 26.7፣ 24፣ 20 እና 18 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አምስት ቱቦዎች ከትዝታ ቅኝት አንዱን ያስገኛሉ፤ የመጀመሪያው በሴኮንድ 283 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። የአፉ ስፋት ስሌቱን ጥቂት ያዛባዋል። ጀርመናዊው ካርል ኦርፍም ሕፃናትን ማስጀመር የመረጠው በአምስት ድምፅ ነበር፤ በዚህ አገር ግን አምስቱ ድምፅ አስቀድሞ በልጁ ጆሮ ውስጥ አለ።

ጉዳዩ ከሙዚቃም ያልፋል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በደረሰው ግጭት ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሏል። በርትኛ፣ ጉሙዝኛ፣ ሺናሽኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ የሚናገሩ ልጆች በአንድ ክፍል ሲገናኙ መምህሩ በየትኛው ቋንቋ ዘፈን እንደሚያስጀምር ይቸገራል፤ የተመረጠው ቋንቋም አንዱን ባለቤት፣ ሌላውን እንግዳ ያደርጋል። ተራን ጠብቆ መንፋት ግን አስተርጓሚ አይሻም፤ የጎረቤቱን ድምፅ ያልሰማ ልጅም የራሱን ቦታ አያገኝም።

እርግጥ የቀርከሃው ቱቦ ዋዛውን አይተካም። ቅሉን መርጦ መሰካካት የአዋቂዎች ጥበብ ስለሆነ ልጆቹን ወደ እነርሱ መውሰድ ይገባል።

ጉባ ላይ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ግድብ ለማየት ወደ ክልሉ የሚጓዝ የማኅበሩ አባል መጋዝና ማስመሪያ ቢይዝ ለአንድ ክፍል የሚበቃ ቱቦ በግማሽ ቀን ይቆርጣል። ቱቦው ጥቂት ረዝሞ ይቆረጥ፤ በጆሮ እየተፈተነ ይጠር። ካጠረ አይመለስም፤ ከረዘመ ግን ጥቂት ውኃ ጠብ ቢደረግበት ድምፁ ይቀጥናል፤ ይህንንም ልጆቹ ራሳቸው ቢያደርጉት ይሻላል።