ምት የሌለው ሙዚቃ ለምን ሆድ ያባባል?

(ድምፅ፦ ዝቅ ያለና የሚረዝም ሲንተሳይዘር፤ ከንግግሩ ሥር ይቀጥላል)

አቅራቢ፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 የወጣውን «ብሌድ ራነር» የተባለ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ሙዚቃ የሠራው ግሪካዊው ቫንጌሊስ ነው። ያማሃ ሲኤስ 80 በተባለው ሲንተሳይዘሩ ላይ ጣት ቁልፉን ጫን ሲያደርግ ድምፁም አብሮ ይለወጣል፤ ማሽኑ የሚተነፍስ ይመስላል።

ሙዚቃው ብዙ ጊዜ ግጥም የለውም፣ ምቱም አይሰማም። ታዲያ ለምን ያስለቅሳል? ምት ሲኖር ጆሮ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። ምቱ ሲጠፋ ግን መጠበቅ ይጀምራል፤ በዚያ ክፍተት የገዛ ትዝታችን ይገባል። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው።

(ድምፅ፦ በገና)

አድማጮች፣ ይህን ስሜት ከዐቢይ ጾም በገና ታውቁታላችሁ። በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት በርኩማ መካከል የምትገባው ትንሽ ቆዳ፣ እንዚራዋ፣ አውታሩን ታስነዝረዋለች፤ ድምፁ ቶሎ አይሞትም። የቫንጌሊስ ረጅም ድምፅ ደረት ላይ የሚሠራውም ይህንኑ ነው።

የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም በእኛም አገር ተሠርቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 የወጣው የዳይሬክተር ሚጌል ያንሶ «ክራምብስ» እዚሁ ኢትዮጵያ ተቀርጿል፤ ዋናው ተዋናይ ዳንኤል ታደሰ ነው። ፊልሙን ስታገኙት አንዱን ትዕይንት መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ፣ ከዚያ ከፍታችሁ ተመልከቱት።