የገበሬው መዝገብና የምንጽፍበት መሣሪያ




በጅማ ተሰብስቦ ስለ ቡና መናገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ቡናውን ሳይሆን ከቡናው ጋር የሚጓዘውን መዝገብ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጥበቃ ደንብ፣ ወደ ገበያው የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ በኬክሮስና በኬንትሮስ እንዲታወቅ ያዛል። ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያ ወሰኑ ይጠየቃል፤ ለአነስተኛው ግን አንዲት ነጥብ ትበቃለች። አኃዙም ከነጥብ በኋላ ቢያንስ 6 ቤት ሊኖረው ይገባል። የደንቡ መጀመሪያ ጊዜ ከ2024 መጨረሻ ወደ ኋላ ቢገፋም፣ ምዝገባው በአንድ ጀንበር የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

ይህ መረጃ የሚላክበት ጂኦጄሰን የተባለው ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው። ነገር ግን ቅንፉና ምልክቱ ሁሉ በሥርዓት የተደረደረ ስለሆነ አንዲት ኮማ ብትጎድል ፋይሉ በሙሉ አይነበብም። ለእኛ ደግሞ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። የግዕዝ ፊደል መጻፊያው እንደተከፈተ ከቀረ፣ በኮማ ፈንታ ነጠላ ሰረዝ፣ በፈረንጁ ሁለት ነጥብ ፈንታም የእኛው የቃል መለያ ሁለት ነጥብ ይገባል። ሁለት ነጥቦቹ ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ምልክቶቹ ሁሉ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

እንግዲህ በየትኛው ፕሮግራም እናርም? አብዛኞቻችን እጃችን የሚሄደው ወደ ኤክሴል ነው። ኤክሴል ለስሌት ተወዳዳሪ የሌለው መሣሪያ ቢሆንም ሳይታዘዝ ያርማል። የገበሬውን ስልክ ቁጥር መነሻ ዜሮ ይጥላል። 36.830000 ብለን የጻፍነውን 36.83 ያደርገዋል። ጥቅምት 12ን 12/2 ብለን ብንጽፍ የፈረንጅ ቀን አድርጎ ይወስደዋል፤ ጥቅምት 30ን ግን ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቀን ተቀላቀለ ማለት ነው። በሲ.ኤስ.ቪ. ስናስቀምጥም ዩ.ቲ.ኤፍ.-8 የሚለውን ካልመረጥን የግዕዙ ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል። ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የሰውን ጂኖች ስያሜ የሚወስነው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እንኳ ኤክሴል ወደ ቀን የሚለውጣቸውን አንዳንድ ስሞች ለመቀየር መገደዱን በ2020 አስታውቋል።

ወርድም ለደብዳቤ እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት ጠማማ አድርጎ ይለውጠዋል። በቁቤ በተጻፈ ስም መካከል ያለችውን ሁድሃ ስለሚለውጣትም፣ ያው ገበሬ በፍለጋ ጊዜ ሁለት ሰው ይሆናል።

ለዚህ ተግባር የሚስማሙት የጽሑፍ ማረሚያዎች ናቸው። በ2003 የወጣው ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ለአሮጌ ኮምፒዩተርም ቀላል ነው፤ መብራት ድንገት ሲጠፋም ያልተቀመጠውን ሥራ ብዙውን ጊዜ ያተርፋል። በ2015 የወጣው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ከበድ ቢልም የተሰበረውን መስመር በቀይ አስምሮ ያሳያል። ሁለቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ ሲሆን፣ አንዴ ከተጫኑ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

ሆኖም ሥርዓቱ የተስተካከለ ፋይል ሁሉ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። የጂኦጄሰን ደንብ ኬንትሮስን ያስቀድማል፤ በስልካችን ያለው ካርታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኬክሮስን ያስቀድማል። ጅማ በኬክሮስ 7.7፣ በኬንትሮስ 36.8 ገደማ ላይ ትገኛለች። ቁጥሮቹ ቦታ ቢለዋወጡ የማናው ገበሬ ማሳ በሜድትራኒያን ዳርቻ፣ በአልጄሪያዋ አናባ ከተማ አጠገብ ይወድቃል። ፋይሉ አንዳች ስሕተት አያሳይም፤ ቡናው ግን መነሻ ያጣል። ስለዚህ ፋይሉ ከመላኩ በፊት ኪው.ጂ.አይ.ኤስ. በተባለው ነጻ የካርታ ፕሮግራም ተከፍቶ በዓይን መታየት አለበት።

ከዚህ በመነሣት መሣሪያ በምንመርጥበት ጊዜ ሦስት ጥያቄዎችን እንድናስቀድም አሳስባለሁ። ያላዘዝነውን ሳይነካ ይተዋልን? ስሕተቱን ከነመስመሩ ያሳያልን? መብራትና ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት ያገለግላልን? በማንኛውም መሣሪያ ብንሠራም የመጀመሪያው ቅጂ ሳይነካ ይቀመጥ።

ባልደረቦቼ፣ በእያንዳንዱ መስመር ጀርባ ግማሽ ሄክታር ቡና ይዞ ልጆቹን የሚያስተምር ሰው አለ። እርሱ ፋይሉን አያየውም፤ ስሙ መጥፋቱን የሚያውቀው ቡናው ሳይሸጥ ሲመለስ ብቻ ነው። ስለዚህ የማረሚያ ምርጫችን የምቾት ሳይሆን የአደራ ጉዳይ ነው።